ሰላጣ ለሰለቻት እህት

ሰላም እህቴ። «ጾም ነው፣ ምሳዬን ይዤ ነው የምወጣው፣ መብራትም አይታመንም። ምድጃ ሳልነካ ምን ጥሬ ነገር ላዘጋጅ? ሰላጣ ስይዝ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይርበኛል» ያልሽውን አይቼ ነው የምጽፍልሽ። እኔም እንደዚሁ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ጾም ሲገባ ጥሬ ስበላ አራተኛ ዓመቴ ነው። ቤተሰቦቼ እስካሁን ይስቁብኛል። ቁርጥ በሚጥሚጣ ሲሆን «ጥሬ ነው» የሚል የለም፣ ጎመን ጥሬውን ስበላ ግን «በግ ነሽ እንዴ?» ይሉኛል።

መጀመሪያ የተሳሳትኩትን ልንገርሽ። የሰላጣ ቅጠል ከመንገድ ዳር ገዝቼ፣ በቧንቧ ውሃ አንዴ ለቅለቅ አድርጌ፣ ሎሚ ጨምቄበት በላሁ። ከዚያ በኋላ ሆዴ እየቆረጠኝ ከርሜ ስመረመር አሜባ ተባልኩ። አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚለማው ቅጠል ብዙው በተበከለ ውሃ ነው የሚጠጣው። አቼቶና ሎሚ የሚገድሉት ተዋሲያን አለ፣ ሁሉንም ግን አይገድሉም። ስለዚህ አሁን ጥሬ የምበላው በአብዛኛው የሚላጠውን ነው፤ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ኪያር፣ አቮካዶ። ሳትልጪ በፊት እጠቢው፣ አለዚያ ቢላዋው የላዩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። ጥቅል ጎመን ከሆነ የላይኞቹን ሁለት ሦስት ቅጠል ጥለሽ የቀረውን በደንብ ታጥቢያለሽ።

አሁን ወደ ረሃቡ እንምጣ። አትክልት ብቻውን አያቆይም፣ እህል ያስፈልገዋል፤ እኔን ያቆየኝ የበቀለ ምስር ነው። አንድ ስኒ ድፍን ምስር ለቅመሽ ታጥቢና ማታ በብዙ ውሃ ትዘፈዝፊዋለሽ፣ ያብጣልና ሰፊ ሳህን ይሁን። ጠዋት ውሃውን ደፍተሽ ምስሩን በጠርሙስ ዕቃ ውስጥ አድርጊ፣ አፉን በንጹሕ ስስ ጨርቅ ሸፍነሽ በላስቲክ እሰሪ፣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ዘንበል አድርገሽ አስቀምጪው። ጠዋትና ማታ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀሽ መልሰሽ ማንጠፍጠፍ ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ ነጭ ጅራት ብቅ ይላል፣ የሩዝ ፍሬ ሲያህል ደርሷል ማለት ነው። ሽምብራ አንድ ቀን ይጨምራል። እኔ መጀመሪያ ክክ ምስር ነበር የዘፈዘፍኩት፤ ሁለት ቀን ጠብቄ ያገኘሁት የሚሸት ጭቃ ነው። ተከክቶ ለሁለት የተከፈለ እህል አይበቅልም፣ ይህን ለማወቅ አንድ ስኒ ምስር ከሰርኩ።

ሲደርስ እሸት እሸት መሽተት አለበት። ከቆመጠጠ ወይም ከተሙለጨለጨ ድፊው፣ አትሳሺ። ካሮት ፍቂበት፣ ሽንኩርትና ፍሬው የወጣለት ቃሪያ ክተፊበት፣ ጨውና ሎሚ፣ ከወደድሽም ግማሽ ማንኪያ ሰናፍጭ። እቤት ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም በሽታ ያደከመው ሰው ካለ ግን ለእነሱ ጥሬውን አትስጪ፤ እርጥበትና ሙቀት ለምስሩ እንደሚስማማው ሁሉ ለጀርምም ይስማማዋል። ለእነሱ ቀቅለሽ ስጪ። አያቶቻችንም ባቄላውን አብቅለው በቆልቱን ይቀቅሉት ነበር እንጂ ጥሬውን አይቆረጥሙትም።

ሁሉም ጥራጥሬ ደግሞ ለዚህ አይሆንም። ቦሎቄን በጥሬው፣ ቢበቅልም እንኳ፣ እንዳትሞክሪው። ጥቂት ፍሬ ብቻ ኃይለኛ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል፤ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በደንብ መንተክተክ አለበት። ጓያም ለዚህ አይሆንም። በድርቅ ዘመን ጓያን ለወራት ዋና ምግባቸው ያደረጉ ሰዎች እግራቸው ሽባ የሆነው እህሉ ውስጥ ባለ መርዝ ነው፣ ማብቀል አያጠፋውም።

ጎመን ከወደድሽ የሐበሻውን ጎመን እንዲህ አድርጊው። (የእኔ በረንዳ ላይ በጆንያ አፈር የሚበቅል ነው፣ ምን ውሃ እንደጠጣ አውቃለሁ።) ዘንጉን አውጥተሽ ቅጠሉን እንደ ክር ክተፊው፣ ጨው ነስንሰሽ በእጅሽ እሽት እሽት አድርጊው። ትንሽ ቆይቶ ይጠቁራል፣ አረንጓዴ ውሃ ያወጣል፣ ሳህን ሙሉ የነበረው ግማሽ ይሆናል። ያ ጥርስ ላይ የሚንጫጫው ነገርም ይጠፋል። ከዚያ ሎሚ፣ የተደፈጠጠ አቮካዶና ነጭ ሽንኩርት። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በቅጠሉና በምስሩ ያለውን ብረት ሰውነትሽ እንዲወስድ ያግዛል። ቡናና ሻይ ግን ተቃራኒውን ይሠራሉ፣ ስለዚህ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ታግሠሽ ጠጪ። ይህ እኔንም ይከብደኛል፣ አልዋሽሽም።

ተልባ ላይ ብዙ አልልም። ድፍኑን ከዋጥሽው እንደገባ ይወጣል፣ መወቀጥ ወይም መፈጨት አለበት። የተፈጨው ደግሞ ቶሎ ይበላሻልና የሳምንቱን ብቻ አዘጋጂ። እናቴ ሳትቆላ አትወቅጥም፤ ሽታውን ካሸተትሽ አንቺም አትከራከሪያትም። እኔ ጥሬውን በቀን አንድ ማንኪያ ምስሩ ላይ እነሰንሳለሁ፣ ከዚያ በላይ አላበዛም።

«ከጾሙ በኋላም ዓመቱን ሙሉ በዚሁ ልቀጥል?» ላልሽው፣ እኔ አልቀጠልኩም። ቫይታሚን ቢ12 ከአትክልት አይገኝም፣ ሲጎድል ደግሞ ቶሎ አያስታውቅም። ከቀጠልሽ ሐኪም አማክረሽ እንክብሉን መውሰድ ይኖርብሻል። ለጾሙ ጊዜ ግን ይህ ይበቃሻል።

ምሳ ዕቃሽን ማታ ስታዘጋጂ ጨውና ሎሚውን ለብቻ ያዢ፣ እዚያው ስትደርሺ ጨምሪ። አለዚያ ካሮቱ ውሃ አውጥቶ ከታች ይጠራቀምና ቦርሳሽ ውስጥ ይፈሳል፤ የእኔ አንድ መዝገብ እስካሁን ቢጫ ነው። አንድ እንጀራ ጠቅልለሽ ብትይዢም ማንም አይከስሽም።