ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ በአቋሜ ልጽና?

ጥያቄ፦ በወሎ ከሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ስንወያይ፣ ጉባኤው የቤተ ክርስቲያን የትምህርተ ሃይማኖት ክርክር እንደ ነበር ተናገርሁ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ተነሥቶ «ለእኛ ቤተሰብ ቦሩ ሜዳ ማለት ቅድመ አያቶቻችን ሃይማኖታችሁን ቀይሩ የተባሉበት ነው» አለ። እኔ «ትምህርቱን ለፖለቲካ አታውለው» ስለው፣ እሱ «የማን ልጅ እንደ ሆንሽ እናውቃለን» ብሎ መለሰልኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩም «ወደሚቀጥለው ርእስ እንለፍ» አሉ። የቡድን ሥራ አብረን እየሠራን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ እንኳ አንለዋወጥም። የተናገርሁት እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ ልጄ፣ ከይቅርታው በፊት የተከራከራችሁበትን ነገር እንየው፤ ምክንያቱም ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በተገኙበት፣ ከደሴ አቅራቢያ ባለችው ቦሩ ሜዳ ሊቃውንቱን ሰብስበው ያከራከሩት ቤተ ክርስቲያኒቱን ለረዥም ዘመን የከፋፈለውን የነገረ ክርስቶስ፣ ማለትም የክርስቶስን ባሕርይና ልደት የሚመለከት ጥያቄ እልባት ለመስጠት ነበር፤ ጉባኤውም ክርስቶስ ከአብና ከድንግል ማርያም ከመወለዱ ሌላ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት አለው የሚለውን የሦስት ልደትን ትምህርት አውግዞ ተዋሕዶን አጸና። ከዚሁ ጋር ተያይዞ ግን የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ እንደ ሼኽ ጦልሃ ያሉት የእስልምና ሊቃውንት ደግሞ ትእዛዙን አንቀበልም ብለው ተነሡ። አንቺ የጉባኤውን አጀንዳ ተናገርሽ፣ እሱ የጉባኤውን ውጤት ተናገረ። ክርክራችሁ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ሊነሣ ይገባዋል በሚለው ላይ ነበር፤ ይህን አንዳችሁም ስላላያችሁ ግን እርስ በርስ የተካካዳችሁ መሰላችሁ።

ጥፋቱ የተጀመረው «ለፖለቲካ አታውለው» ካልሽበት ሰዓት ነው። ልጁ የቤተሰቡን ትዝታ ይዞ ሲቀርብ፣ ያለውን ትተሽ ለምን እንዳለው ፈረድሽበት። እሱም በፋንታው ሐሳብሽን ትቶ ትውልድሽን ጠራ፤ ይህ ደግሞ ከአንቺ የባሰ ነው፤ በተለይ አንዱ ወንድም መስጊድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሄደው በአንድ ምጣድ እንጀራ በሚበላበት በወሎ፣ «የማን ልጅ ነሽ» የሚለው ቃል ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጠልቆ ይወጋል። መምህሩም ሳቁን አስቁመው የሁለታችሁን አባባል ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ቢጽፉት ኖሮ፣ ያን ቀን የተማራችሁት ከመጽሐፉ ምዕራፍ ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ይቅርታ ጠይቂ፤ ይቅርታው ግን ለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሁን። ስለ ጉባኤው ያለሽን አስተያየት እንድትተዪ የሚያስገድድሽ ምንም የለም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 አንቺም እሱም ያላችሁን አስተያየት የመያዝና የመግለጽ መብት ይሰጣችኋል። የቦሩ ሜዳውን ክርክር የዘጋው የንጉሡ ቃል ነበር፤ ተረቺው ወገንም በሐሳቡ የመጽናት ነፃነት አልነበረውም። በእናንተ ክፍል ግን መምህሩም ሆኑ ብዙኃኑ ያን ያህል ሥልጣን ሊኖራቸው አይገባም፤ ያልተስማማ ተማሪ ሳይስማማ ወጥቶ፣ በማግስቱ ያው ወንበሩ ላይ መቀመጥ ይችላል።

ለወደፊቱ አንድ ልማድ እንድትይዢ እወዳለሁ። በቀድሞው የአደባባይ ሙግት ተሟጋቹ ባለጋራውን «ተጠየቅ» ይለው ነበር። አንቺም መልስ ከመስጠትሽ በፊት ጠይቂ፤ ቀጥሎም ባልደረባሽ የተናገረውን በራስሽ ቃል መልሰሽ ንገሪው፣ «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልሁት» እስኪልሽም ጠብቂ። ይህን ለማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ልትቃወሚው የተዘጋጀሽበት ሐሳብ እሱ ጨርሶ ያላለው ሆኖ ታገኚዋለሽ። ድምፅሽ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ደግሞ ነጥብሽን ደብተርሽ ላይ ጻፊና ሌላ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ቆዪ።

የቡድን ሥራው ላይ ስትገናኙ ሌሎቹ ሳይመጡ ቀደም ብለሽ ድረሺና «ለፖለቲካ ያልሁህ ልክ አልነበረም፤ ቤተሰብህ ስለዚያ ዘመን የሚያወሩትን ብትነግረኝ እሰማለሁ» በዪው። እሱ ስለ ተናገረሽ ቃል ያን ቀን አታንሺበት። መጀመሪያ የያዘውን ታሪክ እስከ መጨረሻው ይንገርሽ።