የጾም ቀን ሲጋብዙኝ «ሆዴን አሞኛል» ማለት ይገባል?

ጥያቄ፦ መምህር፥ አብዛኞቹ የቢሮ ጓደኞቼ አይጾሙም። ረቡዕና ዓርብ ምሳ ሲጋብዙኝ «በልቻለሁ» ወይም «ሆዴን አሞኛል» እላለሁ፤ ጌታ ጾማችሁ በስውር ይሁን ብሏልና። አንዳንዴ ደግሞ ሳልጾም «ጾመኛ ነኝ» ብያቸዋለሁ። ስሕተቱ የቱ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ናቸው ወንድሜ። የመጀመሪያው ግን ትሕትና ስለሚመስል ከሁለተኛው ይልቅ ያታልላል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ከቁጥር 16 እስከ 18 ጌታ የነቀፈው ሰው እንዲያይላቸው ፊታቸውን የሚያጠወልጉትን ነው። የከለከለው ውዳሴ ከንቱን ነው፤ ፊትህን ታጠብ አለ እንጂ ዋሽ አላለም። ደግሞም የዐዋጅ ጾም ሌላ፥ የግል ጾም ሌላ ነው። ረቡዕና ዓርብ፥ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም፥ ነሐሴ 1 የሚገባው ፍልሰታ የዐዋጅ ናቸው። ኢዩኤል «ጾምን ቀድሱ፥ ጉባኤውንም አውጁ» እንዳለ በማኅበር ስለሚጾሙ የሚሰወር ነገር የላቸውም። መሰወር ያለበት በላዩ የምትጨምረው ነው፦ የንስሐ አባትህ የሰጡህ ቀኖና፥ የያዝከው ሱባኤ፥ የስግደትህ ቁጥር። እሱንም ቢሆን «ዛሬ ይለፈኝ» ብለህ ታልፈዋለህ፤ ሕመም መፍጠር አያስፈልግም።

ዳንኤል የንጉሡ መብል ሲታዘዝለት ታመምኩ አላለም። አለቃውን በግልጽ ለመነ፤ ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እየተሰጠን 10 ቀን ፈትነን ብሎም ጠየቀ።

አንተም ቀደም ብለህ ተናገር፤ ቢቻል ጠዋት ቡና ላይ። ሥጋው ታዝዞ ከቀረበ በኋላ የሚነገር ጾም ጋባዡን ያሳፍራል። «ዛሬ ረቡዕ ነው፥ እጾማለሁ፤ ግን አብሬያችሁ እሄዳለሁ» ብለህ እዚያው ላይ ዝም በል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ የምትቆይ ከሆነ እሱንም ንገራቸውና አብረሃቸው ተቀመጥ። ከጥሉላት (ከሥጋ፥ ከወተትና ከቅቤ) ብቻ ተከልክለህ በስድስት ሰዓት የምትመገብ ከሆነ ግን እስከ ዘጠኝ የሚቆይ ሰው አትምሰል። በያይነቱ ስታዝ ሽሮው ቅቤ እንዳልገባበት አስተናጋጁን ጠይቅ። ሳትጠየቅ ወተት ያለው ማኪያቶ ቢመጣልህ በጥቁር ቡና ወይም በሻይ ይቀየርልህ። ብዙ ሰው ጥብስ አልፎ በማኪያቶ የሚሸነፈው በይሉኝታ ነው።

ሆዴን አሞኛል ያልከው ሰው እኮ ዓርብም «ተሻለህ?» ይልሃል፤ መድኃኒትም ሊገዛልህ ይችላል። ያኔ ሁለተኛ ውሸት ግድ ይሆንብሃል። በኋላ እውነቱን ሲደርስበት የሚከፋው በመጾምህ አይደለም፤ እኔን አላመነኝም ብሎ ነው።

«ለምን ትጾማለህ?» ካሉህ ረቡዕ አይሁድ ጌታን ሊገድሉ የመከሩበት፥ ዓርብ የተሰቀለበት ቀን መሆኑን ንገራቸው። ሐዋርያው ጴጥሮስ መልስ ስጡ ሲል በየዋህነት ብሏል፤ ስለዚህ ማዕዱን ጉባኤ አታድርገው፤ የሚበላውንም አትንቀፍ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕ ስትበላ አይተው «ተውከው እንዴ?» ቢሉህ ደግሞ ጾም የሌለበት በዓለ ሃምሳ መሆኑን አስረዳቸው። ይህን የሚጠይቁ ብዙ ናቸው።

ወደ ሁለተኛው ስንመጣ፥ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን ለሐዋርያት ያመጣው ሐናንያ የተፈረደበት ከገንዘቡ ስላስቀረ ብቻ አይደለም። ጴጥሮስ ራሱ መሬቱ ሳይሸጥ ያንተ አልነበረምን ብሎታል። ጥፋቱ ከፊሉን አስቀርቶ ሁሉን እንዳመጣ መምሰሉ ነው። ያልጾምክ ቀን «ዛሬ አልጾምኩም» በል። ለምን እንዳልጾምክ ለጓደኛ መዘርዘር የለብህም፤ እሱ ለንስሐ አባትህ የሚነገር ነው። ሕመም ካለብህ ወይም መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ለእሳቸው ንገራቸው፤ እንደ አቅምህ ይወስኑልሃል። ራስህ ፈርደህ አትተው፤ ራስህንም አትጉዳ።

እስካሁን ላልከው ሁሉንም ሰብስበህ ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም። ደጋግሞ የሚጋብዝህን አንዱን ለብቻው «ሆዴን አሞኛል ስልህ የነበረው ጾሜን ስደብቅ ነበር፤ ይቅርታ» በለው። ከዚያም ጾም ባልሆነ ቀን ምሳውን አንተ ጋብዘው።