ሞተሪኖ ከመግዛትህ በፊት የቮላኖውን ጥርስ እይ

ከፍኖተ ሰላም የጠየቅኸን ወንድሜ፣ ጥያቄህ እንዲህ ነው። ኮሮላህ ማንዋል ነው። ጠዋት ቁልፍ ስታዞር አንዳንዴ «ክርርርር» እያለ ብረት በብረት ይፈጫል። ደግመህ ስትሞክር ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። መካኒኩ «ሞተሪኖ ቀይር» ብሎሃል፤ ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ማለቱ ነው። ልግዛ ወይ ነው ያልከው። እኔ ቆይ ነው የምልህ።

ደብረ ማርቆስ በዶልፊን ሚኒባስ ስሠራ ይኸው ነገር ደርሶብኛል። ሞተሪኖ ቀየርኩ። ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነና መፍጨቱ ተመለሰ። «የገዛኸው ያገለገለ ስለሆነ ነው» ተባልኩና ሌላ ገዛሁ። እሱ ሳምንትም አልቆየ። አንድ ቀን ደጀን ላይ ተሳፋሪው ሻይ ጠጥቶ ገባ፣ ቁልፉን ባዞር ክርርርር። ሰው ሁሉ ወርዶ ገፋልኝ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይኼ መኪና ጥርሱን ያመዋል እንዴ?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። ነገሩን በትክክል ያወቁት ግን እሳቸው ነበሩ።

ሞተሪኖው ጫፍ ላይ ፒኞን የምንላት ትንሽ ጥርሳም ክብ ብረት አለች። ቁልፍ ስታዞር ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው በኤሌክትሪክ የሚገፋ ክፍል) ወደፊት ይገፋትና በቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ዙሪያ ካለው ጥርስ ጋር ትያያዛለች። ከዚያ ሞተሩን ታዞረዋለች። መፍጨት ማለት ሁለቱ ጥርሶች በደንብ ሳይገናኙ ይፋተጋሉ ማለት ነው። ጥፋቱ ከሁለቱም ወገን ሊሆን ይችላል።

አሁን «አንዳንዴ» ያልካትን ቃል ያዛት። አራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ የትም ቦታ አይቆምም። አንዱ ሲሊንደር አየሩን ሲያምቅ ወደኋላ ስለሚይዘው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። ፒኞኗም በየቀኑ የምትመታው እነዚያኑ ጥርሶች ነው። እነሱ ተበልተው ሌላው ጥርስ አዲስ ይመስላል። ስለዚህ ሞተሩ በተበላው ቦታ ቆሞ ሲያድር ይፈጫል፣ ሌላ ቦታ ከቆመ ይነሳል። አዲስ ሞተሪኖ ይህን አያድነውም። እንዲያውም የተበላው ቮላኖ የአዲሱን ፒኞን ጥርስ ይበላዋል። የእኔ ሁለት ሞተሪኖ የሄደው በዚህ ነው።

ድምፁንም ለይ። «ቀጭ ቀጭ» ብቻ ካለ ባትሪ ወይም ሞርሴቶ (ገመዱን ባትሪው ላይ የሚያስረው) ነው። ሞተሪኖው «ዊዝዝ» ብሎ በባዶ እየዞረ ሞተሩ ካልዞረ፣ ቤንዲክሱ፣ ፒኞኗን በአንድ በኩል ብቻ የሚይዛት ክፍል፣ ይንሸራተታል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የሚፈጭ ከሆነ ፒኞኗ አልተመለሰችም፤ ቶሎ አጥፋው።

ባትሪውን ግን አትናቀው። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ የጠዋቱን ብርድ ታውቀዋለህ። በብርድ ባትሪ ይደክማል፣ ዘይትም ይወፍራል። የደከመ ባትሪ ሶሌኖይዱን አጥብቆ ስለማይገፋው ፒኞኗ ገባ ወጣ ትላለች። ቴስተር ካለህ፣ ያደረ ባትሪ ሞተሩ ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ስታስነሳ ከ9.6 በታች ከወረደ መጀመሪያ እሱን አስተካክል። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድም እይ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ባትሪው ደህና ከሆነ ሞተሪኖውን አስወርድ። የባትሪው ኔጌቲቭ ሳይነቀል ማንም የመፍቻ ቁልፍ እንዳያስገባ! ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ሁልጊዜ ኃይል አለው፣ መፍቻው ቦዲ ከነካ እሳት ይተፋል። ብሎኖቹ ከመፈታታቸው በፊት ላልተው እንደሆነ ይታዩ። አንዳንዴ በሽታው እዚያው ያልቃል፤ የላላ ሞተሪኖ ዘሞ ስለሚቆም ይፈጫል።

ከወረደ በኋላ በቀዳዳው በስልክህ መብራት እይ። መኪናውን ሜዳ ላይ በአራተኛ ማርሽ አስገብተህ ሰው በቀስታ ይግፋልህ። የቮላኖው ጥርስ እየዞረ ያልፋል። ጣትህን እንዳታስገባ። ጫፉ የሾለ፣ የተሸራረፈ ወይም ያጠረ ጥርስ ሁለት ቦታ ላይ ካየህ ጨርሰሃል። ፒኞኗንም በእጅ አዙራት። በአንድ በኩል በነፃ መዞር፣ በሌላው መያዝ አለባት። በሁለቱም ከዞረች ቤንዲክሱ አልቋል። ጥርሷ ሙሉ ከሆነ፣ የምትይዝ ከሆነና ዘንጓ በቦኮላው (ዘንጓ በምትዞርበት ቀለበት) ውስጥ ካልተንገዳገደች፣ ሞተሪኖህ ጤነኛ ነው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ጋራዥ ውስጥ ሁሉንም ነገር ናፍጣ ውስጥ መዘፍዘፍ ልማድ ሆኗል። ቤንዲክስ እንዲህ አይታጠብም። ውስጡ የተቀመጠው ግራሶ ታጥቦ ይወጣና ብዙም ሳይቆይ ይንሸራተታል። በጨርቅ ጠርገው፣ ዘንጉ ላይ ስስ ግራሶ ብቻ።

ቮላኖው ከሆነ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) መውረዱ አይቀርም፣ ዋጋውም ያማል። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑንና የኋላውን ፓራኦሊዮ (የሞተር ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን ጎማ) አሳይ፤ ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ያው ዘይት ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ፒኞኗን ያጣብቃታል። ጥርሱ በእሳት ሞቆ የሚገባ ቀለበት ስለሆነ ብቻውን ሊቀየር ይችላል። ግን ቶርኖ ቤት በልኩ የሚያሞቅ ሰው ይፈልጋል። ከመጠን በላይ ከሞቀ ብረቱ ይለሰልሳል። እኔ ደህና ያገለገለ ቮላኖ አግኝቼ ሙሉውን ቀየርኩ፣ አልቆጨኝም። ሞተሪኖም መግዛት ካለብህ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። የፒኞኗን ጥርስ ቁጠር፤ «የኮሮላ ነው» የተባለ ሁሉ እኩል ጥርስ የለውም።

እስከዚያው ድረስ፣ ሲፈጭ ደጋግመህ አታዙር፤ እያንዳንዱ ክርርር ጥርስ ይበላል። ቁልፉን መልስ። አራተኛ ማርሽ አስገብተህ ውረድና መኪናውን ትንሽ ብቻ ወደፊት ገፋ አድርገው። ቮላኖው ከተበላው ቦታ ይሸሻል። ከዚያ ማርሹን ዜሮ አድርገህ ሞክር። በዚህ ሁልጊዜ የሚነሳልህ ከሆነ ጥርሱን ገና ሳታየው የት እንደተበላ አውቀኸዋል።