የካታሎኒያን ማልያ ከለበሰ ለዋልያዎቹ መሰለፉ አበቃ?

ጥያቄ፦ «ኑሮዬ ስፔን፣ ጂሮና አጠገብ ነው። ባለቤቴ ካታላን ነው። እኔ እስካሁን የኢትዮጵያ ፓስፖርቴን አልቀየርኩም። ልጃችን እዚሁ ተወልዶ አሁን 17 ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ኳስ ተጫዋች ነው፤ ዘንድሮ ከክለቡ ዋና ቡድን ጋር ልምምድ ጀምሯል። በቅርቡ ለካታሎኒያ ቡድን የወዳጅነት ጨዋታ ሊጠሩት ነው፤ እኛ ወላጆቹ የምንፈርመው ወረቀትም ደርሶናል። አዲስ አበባ ያሉት አባቴ ይህን ሲሰሙ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። "የሰው አገር ማልያ ከለበሰ ለዋልያዎቹ መሰለፉ አበቃ" ነው የሚሉት። እውነት ነው? ከመፈረማችን በፊት ይንገሩኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለአባትዎ መልሰው ይደውሉላቸው። ማልያው ልጁን ከማንም ጋር አያስረውም። የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ቆይቼ እነግርዎታለሁ።

ካታሎኒያ ፊፋ ዘንድ አገር አይደለችም። ፊፋ 211 አባል ፌዴሬሽኖች አሉት። የካታሎኒያው ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1900 የተመሠረተ አንጋፋ ነው፤ ግን በስፔን ፌዴሬሽን ሥር ነው እንጂ በራሱ አባል አይደለም። ስለዚህ ዋናው ቡድኑ ማጣሪያ የለውም፣ ነጥብ የለውም፣ በፊፋ ሰንጠረዥ ላይ ደረጃም የለውም። ሲመቸው፣ ብዙ ጊዜ በፈረንጆች ገና ሰሞን፣ ተሰባስቦ የወዳጅነት ጨዋታ ያደርጋል። ተጋጣሚዎቹ ግን የዋዛ አይደሉም። በዲሴምበር 2009 ዮሃን ክራይፍ እያሠለጠነው ካምፕ ኑ ላይ አርጀንቲናን 4 ለ 2 አሸንፏል። ሜዳው ላይ የታየው ኳስ እውነተኛ ነው። በሕግ ዓይን ግን ሰፈር ውስጥ ከተደረገ ግጥሚያ ብዙም አይለይም።

«ታዲያ ስኮትላንድና ዌልስስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የእነሱ ነገር የታሪክ ዕዳ ነው። የብሪታንያ አራቱ ፌዴሬሽኖች ከፊፋ በፊት ስለነበሩ ደንቡ ለብቻቸው አስቀመጣቸው። ሌላው በዚያ በር አይገባም።

ፊፋ አንድን ተጫዋች ከአንድ አገር ጋር የሚያስረው ተጫዋቹ ለአባል ፌዴሬሽን ዋና ቡድን ይፋዊ ውድድር ላይ ሲሰለፍ ነው። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ የአህጉር ዋንጫ ማጣሪያ፣ እንዲህ ያለው። የወዳጅነት ጨዋታ፣ የስፔን ብሔራዊ ቡድን እንኳ ቢሆን፣ አያስርም። የካታሎኒያው ደግሞ ጭራሹን አይቆጠርም። ፒኬ፣ ፑዮልና ዣቪ የስፔንንም የካታሎኒያንም ማልያ ለብሰዋል፤ ማንም «ምረጡ» አላላቸውም።

ለእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ኬይታ ባልዴ ነው። የሴኔጋላውያን ልጅ ነው። የተወለደው እዚያው ጂሮና ክፍለ ሀገር፣ አርቡሲዬስ ውስጥ ነው። ለካታሎኒያ ተጫውቷል፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሴኔጋል መሰለፍ ጀመረ፤ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው የሴኔጋል ቡድን ውስጥም ነበር። ለአባትዎ ይህን ይንገሯቸው።

ለማነጻጸር ደግሞ ሙኒር ኤል ሃዳዲን ይመልከቱ። በሴፕቴምበር 2014፣ በ19 ዓመቱ፣ ለስፔን ተቀይሮ ገባና 13 ደቂቃ ያህል ተጫወተ። ጨዋታው ግን የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ነበር። በኋላ ለሞሮኮ ልጫወት ሲል ፊፋ ከለከለው። በ2018 ሎዛን ያለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤትም አልፈቀደለትም። ነፃ የወጣው ፊፋ በ2020 ደንቡን ካላላ በኋላ ነው፤ ለሞሮኮ የተሰለፈው በ2021። በ13 ደቂቃ ሰበብ ስድስት ዓመት ተኩል! የላላው ደንብም ልክ አለው። 21 ዓመት ሳይሞላው፣ የወዳጅነቱም ተቆጥሮ፣ ከሦስት ያልበለጠ የዋና ቡድን ጨዋታ ያደረገና ከመጨረሻው ጨዋታ ሦስት ዓመት ያለፈው ተጫዋች ነው የሚፈቀድለት፤ ለዚያውም የዓለም ዋንጫም ሆነ የአህጉር ዋንጫ ዋናው ውድድር ላይ ካልተሰለፈ። ስለዚህ ከካታሎኒያ ሲደወል አይደንግጡ። ከማድሪድ፣ ከስፔን ፌዴሬሽን፣ ሲደወል ግን ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እርስዎ አልጠየቁኝም። እኔ ግን ደብዳቤዎን ሳነብ እስክሪብቶ አንስቼ ያሰመርኩት «17 ዓመት ከአራት ወር» የሚለው ላይ ነው።

ልጅዎ ዛሬ በአባቱ ስፔናዊ፣ በእርስዎ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነው። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ይበቃል ይላል። አገራችን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም ሲባል ሰምተው ይሆናል። እውነት ነው። ለልጆች ግን ትንሽ ትታገሣለች። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 2ን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ከውጭ ዜጋ ወላጅ ወይም ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ማስታወቅ አለበት። ካላስታወቀ በገዛ ፈቃዱ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። እስከዚያው ድረስ ሕጋችን የሚያየው እንደ ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው።

ቀኑ ደረሰ ብሎ ማንም ደብዳቤ አይልክለትም። ልጁ ልምምድ ላይ እያለ፣ እርስዎም ሥራ ላይ እያሉ፣ 19ኛ ዓመቱ ይሞላል፤ በቃ፣ አለፈ። ብዙ ቤተሰብ ነገሩን የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ፓስፖርት ሊያሳድስ ሲሄድ ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው በስፔን በኩል ነው። የስፔን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 24 ዜግነትን በፈቃድ መተው የሚፈቅደው ሌላ ዜግነት ላለውና ኑሮውን ከስፔን ውጭ ላደረገ ሰው ነው። ልጅዎ የሚኖረው ጂሮና ነው። አንዱ አገር «ያንን ተውና ና» ይላል፤ ሌላው «እዚህ እየኖርክማ መተው አትችልም» ይላል። እኔ የኢትዮጵያ ጠበቃ ነኝ፤ በስፔን ሕግ ላይ የመጨረሻውን ቃል ልሰጥዎት አልችልም። እዚያ ካለ የዜግነት ጠበቃ ጋር አንድ ሰዓት ይቀመጡ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ልጄ ስፔን እየኖረ፣ በክለቡ እየተጫወተ፣ የስፔን ዜግነቱን ሕጋዊ ውጤት ባለው መንገድ መተው ይችላል? ቢተውስ የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱ ምን ይሆናል? መልሱን ይዘው፣ ልጁ 18 ሳይሞላው፣ ቅርብዎ ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያነጋግሩ። በስልክ የተነገረዎትን አይቀበሉ፤ በጽሑፍ ይጠይቁ።

«ቢጫ ካርድ እናወጣለታለን» የሚል ዘመድ መምጣቱ አይቀርም። የዳኛውን ማለቴ አይደለም፤ የትውልደ ኢትዮጵያውያኑን መታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያኖራል፣ ያሠራል። ዜግነት ግን አይሰጥም። ፊፋ ደግሞ የሚጠይቀው በመኖሪያ ላይ ያልተመሠረተ ቋሚ ዜግነት ነው። ስለዚህ ካርዱ ቦሌ ላይ ይሠራል፣ ስታዲየም ውስጥ አይሠራም።

ዜግነቱን አንዴ ካጣው መመለሻ አለው፤ አንቀጽ 22። ኑሮውን ኢትዮጵያ ውስጥ ያደርጋል፣ የውጭ ዜግነቱን ይተዋል፣ ከዚያ ያመለክታል። ለጡረተኛ ያስኬዳል። አውሮፓ ውስጥ ኮንትራት ላለው የ22 ዓመት ልጅ ግን ሲበዛ ከባድ ነው።

ሌላ የተደበቀ ወጥመድም አለ። ለስፔን የወጣት ቡድን ይፋዊ ውድድር ቢሰለፍ ወደ ኢትዮጵያ የመዞር መብቱ አይቀርበትም። ፉአድ ኢብራሂም ለአሜሪካ ወጣት ቡድኖች ተጫውቶ በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ የዋልያዎቹ ስብስብ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ልጅዎ ለስፔን የመጀመሪያውን ይፋዊ ጨዋታ ባደረገበት ቀን ኢትዮጵያዊም እንደነበር ማሳየት ይጠበቅበታል። ልጅዎ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም ሌላ ሰነድ ወጥቶለታል? ካልወጣለት፣ ሕጉ ኢትዮጵያዊ ነው ቢለውም ማስረጃ የለዎትም። ይህንን ነገ ዛሬ ሳይሉ ይጀምሩት።

ስለሚፈርሙት ወረቀትም አንድ ነገር ልበል። ጨዋታው የወዳጅነት ነው፤ የጉልበት ጅማት ግን ወዳጅ አያውቅም። ክለብ ተጫዋቹን የመልቀቅ ግዴታ ያለበት የፊፋ አባል የሆነ ብሔራዊ ቡድን በተመደበው ቀን ሲጠራው ነው። ለካታሎኒያ ጥሪ ይህ ግዴታ የለም፤ ስለዚህ የክለቡ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን። ለብሔራዊ ቡድን ሲጫወት የተጎዳ ተጫዋች ደመወዙ እንዳይቆም ፊፋ ለክለቦች የሚከፍለው ካሳ አለ፤ እሱም ይህን ጨዋታ አይሸፍንም። ልጅዎ ቢጎዳ ሕክምናውን ማን ይከፍላል? ለስንት ጊዜ? የቀዶ ጥገናው ወጪና ማገገሚያውስ? ወረቀቱ ላይ የኢንሹራንሱ ስምና የፖሊሲው ቁጥር ከሌለ አይፈርሙ። «ፌዴሬሽኑ ያውቃል» የሚባል ኢንሹራንስ የለም። ልጁ አካለ መጠን ስላልደረሰ ያለ እናንተ ፊርማ አይሄድም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኙም።

የኢንሹራንሱን ገጽ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። የልጁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ካለ ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ ይጨምሩበት።