ገለጻው በቪዲዮ ይገኛል፤ አውደ ጥናቱና ስፕሪንቱ ግን በአካል መገኘትን ይጠይቃሉ

ውድ ጠያቂ፣

የሶፍትዌር ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ መሆንዎን፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋና በጃንጎ (በፓይተን ድረ ገጽ ለመሥራት የሚያገለግል መሣሪያ) ጥቂት የመለማመጃ ሥራዎችን መሥራትዎንና የጃንጎ ፕሮግራመሮች በሚገናኙበት ጉባኤ፣ በሚቀጥለው ጃንጎኮን አፍሪካ፣ ለመሳተፍ የገንዘብ ድጋፍ ለመጠየቅ ማሰብዎን ጽፈውልኛል። የጠየቁኝም ገለጻዎቹ ኋላ በዩቲዩብ የሚለቀቁ ከሆነ መጓዙ ምን ይጠቅማል፣ ከሄዱስ እንደ ጀማሪ ጊዜዎን በየትኛው መርሐ ግብር ላይ ቢያውሉት ይሻላል የሚለውን ነው።

መሄዱ በእርግጥ ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ጃንጎኮን እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ ከተካሄደ በኋላ ጉባኤው ለረጅም ጊዜ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ ከተሞች ሲካሄድ ስለቆየ፣ ለእኛ ተማሪዎች ቪዛውና የጉዞ ወጪው ፈጽሞ የሚቀመስ አልነበረም። በ2023 በዛንዚባር፣ በ2025 ደግሞ በአሩሻ መካሄዱ ነገሩን በጣም አቅርቦታል። ይሁን እንጂ ቀናቱን ሁሉ በአዳራሹ ወንበር ላይ ሆነው ማስታወሻ ሲጽፉ ቢያሳልፉ፣ ቤትዎ ሆነው ከሚያገኙት ብዙም የተለየ ነገር ይዘው አይመለሱም።

ገለጻዎችን በሚመርጡበት ጊዜ በተቻለ መጠን የሚያውቁትን ርዕስ ይለፉት፤ የጃንጎ መግቢያ በጽሑፍም በቪዲዮም ሞልቷል። ይልቁንም አንድ ድረ ገጽ ብዙ ሺህ ተጠቃሚ ሲመጣበት ዳታቤዙ ምን እንደሚሆን፣ ወይም አንድ ድርጅት የቆየ ሥርዓቱን ሳያቋርጥ እንዴት እንደቀየረ የሚተርኩ ሰዎችን ያዳምጡ፤ እንዲህ ያለው ልምድ በክፍል ውስጥ አይገኝም። ያልተዋጠልዎትን ሐሳብም ወዲያው አይጣሉት። የፌስቡክ መሐንዲሶች በ2013 በጄኤስኮንፍ ዩኤስ (የጃቫስክሪፕት ፕሮግራመሮች ጉባኤ) መድረክ ሪአክት የተባለውን የድረ ገጽ ገጽታ መሥሪያ ለሕዝብ ባስተዋወቁ ጊዜ፣ የኤችቲኤምኤል ቅርጽ ያለው ጽሑፍ ከጃቫስክሪፕት ጋር መቀላቀሉን ብዙዎች በጥርጣሬ ነበር የተመለከቱት፤ ዛሬ ግን ሪአክት የብዙ ሥራ ማስታወቂያዎች ቅድመ ሁኔታ ሆኗል። ስለዚህ ጥርጣሬዎን በጥያቄ መልክ ይጻፉና ተናጋሪው ከመድረክ ሲወርድ ቀርበው ይጠይቁት።

ዋነኛው ትርፍ ያለው በአውደ ጥናቱ ነው። በአውደ ጥናት ከሚያገኙት ሁሉ በላይ የምቆጥረው፣ ልምድ ያለው ፕሮግራመር የስህተት መልእክት ሲገጥመው ምን እንደሚያነብ፣ ምን እንደሚዘልል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሞክር አጠገቡ ሆኖ ማየት መቻልን ነው፤ ተስተካክሎ በተቀረጸ ቪዲዮ ውስጥ ይህ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦ ይወጣል። ይህን ዕድል የሚያበላሹት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አለመዘጋጀት ነው፤ አዘጋጆቹ አስቀድመው የሚልኩትን መመሪያ ተከትለው የሚፈለገውን የፓይተን ስሪት፣ ጥቅሎቹንና ዳታቤዙን ከቤትዎ ሳይወጡ ላፕቶፕዎ ላይ ካልጫኑና ካልሞከሩ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚጠቀምበት ኢንተርኔት ፋይል ሲያወርዱ አውደ ጥናቱ ያልፍብዎታል። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። በትምህርት ቤቶቻችን ያልገባው ተማሪ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ስለተለማመደ፣ ኮዱ እምቢ ሲለው እጁን ከማውጣት ይልቅ አንገቱን ደፍቶ ለብቻው ይታገላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ለመከተል ይቸግረዋል። ረዳቶቹ የተመደቡት ለዚሁ ነውና ጥቂት ደቂቃ ሞክረው ካልሆነልዎት ይጥሯቸው፤ የእንግሊዝኛዎ መሰባበር አያስጨንቅዎ፣ ስክሪንዎ ላይ ያለው ስህተት ግማሹን ያስረዳልዎታል።

ብዙ ተማሪዎች ገለጻው ሲያበቃ ሻንጣቸውን ስለሚሸክፉ የስፕሪንቱ ቀናት ያመልጧቸዋል፤ ለሥራ ፍለጋ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። በስፕሪንት ተሳታፊዎች ከጃንጎ ነባር አበርካቾች ጋር ተቀምጠው በራሱ በጃንጎ ኮድና ሰነድ ላይ ይሠራሉ። ከመሄድዎ በፊት ኮዱን ከጊትሀብ (ፕሮግራመሮች ኮድ ከሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) አውርደው፣ ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸውን የሙከራ ስብስብ አንድ ጊዜ በላፕቶፕዎ ላይ ያስኪዱት፤ ከ10 ሺህ በላይ ሙከራዎች ስላሉት ያለ ችግር ማለፉን አስቀድሞ ማረጋገጥ ብዙ ሰዓት ያተርፍልዎታል። ከዚያም በፕሮጀክቱ የችግሮች መዝገብ ለጀማሪ ይቀላሉ የሚል ምልክት ካላቸው መካከል ሁለት ሦስቱን መርጠው ያንብቡ። ያቀረቡት ማሻሻያ በዚያው ቀን ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል፤ ገምጋሚዎች አስተያየት ሰጥተው ደጋግመው ሊመልሱት ይችላሉና ከተመለሱ በኋላም ይግፉበት። ቀጣሪ በሲቪዎ ላይ «በጉባኤው ተሳትፌያለሁ» የሚለውን ቢያነብ ስለ ችሎታዎ የሚረዳው ጥቂት ነው፤ የሠሩትን ማሻሻያና ከገምጋሚዎቹ ጋር ያደረጉትን ምልልስ የሚያሳይ የጊትሀብ አድራሻ ቢያገኝ ግን ቁጭ ብሎ ሊያነበው የሚችል ማስረጃ አለው።

በዕረፍት ሰዓት ብቻዎን እንዳይቆሙ ይህን ይወቁ፦ በእነዚህ ጉባኤዎች ዘንድ፣ ኤሪክ ሆልሸር የተባለ ፕሮግራመር ያስተዋወቀው የፓክማን ደንብ የሚባል ልማድ አለ፤ ቆመው የሚያወሩ ሰዎች አዲስ ሰው እንዲቀላቀል በክባቸው ውስጥ አንድ ክፍት ቦታ ይተዋሉ። ክፍት ቦታ ካዩ ገብተው ስምዎንና የሚሠሩትን ይናገሩ።

የድጋፍ ማመልከቻውን በተመለከተ፣ «ዕውቀቴን ለማሳደግ» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋልና እርስዎ የሚሳተፉበትን ዓይነት አውደ ጥናት፣ በስፕሪንቱ ሊሞክሩት ያሰቡትን ችግርና ሲመለሱ ለዩኒቨርሲቲዎ ተማሪዎች የሚያካፍሉትን በስም ጠቅሰው ይጻፉ። ፓስፖርት ከሌለዎት የድጋፉን መልስ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ያመልክቱ። ድጋፉን ባያገኙም የጃንጎ የችግሮች መዝገብ ዓመቱን ሙሉ ለማንም ክፍት ነው፤ ጃንጎኖት ስፔስ የተባለው የ8 ሳምንት ፕሮግራምም አዳዲስ አበርካቾችን በኢንተርኔት እየረዳ ያሠለጥናል፤ ለእርሱም ጎን ለጎን ማመልከት ይችላሉ። ረቂቁን ጽፈው ሲጨርሱ ይላኩልኝ፤ አንብቤ አስተያየቴን እሰጥዎታለሁ።