በራሷ ላይ መብረቅ የተሸከመችው ሴት

ጥያቄ፦ በአንድ የአውሮፓ ሙዚየም ከዮሩባ ሕዝብ የተገኘ አጭር የእንጨት በትር አየሁ። በላዩ ተንበርክካ የተቀረጸች ሴት በራሷ ላይ ግራና ቀኝ የወጣ የመጥረቢያ ስለት የመሰለ ነገር ተሸክማለች። ከ«ኦሼ ሻንጎ» በቀር የተጻፈ ማብራሪያ አልነበረም። ሴቲቱ የሚሰገድላት አምላክ ናት? ዛሬስ ይህ እምነት አለ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይ፣ አምላክ አይደለችም፤ «ኦሼ ሻንጎ» ማለት የሻንጎ የጭፈራ በትር ነው። ሻንጎ በተለይ በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ በሚኖሩት በዮሩባዎች ዘንድ የነጎድጓድና የመብረቅ አምላክ፣ በትውፊታቸውም ቀድሞ ኦዮ የተባለው የዮሩባ መንግሥት ንጉሥ የነበረ ወንድ ነው፤ የተንበረከከችው ሴት የእርሱ አገልጋይ ስትሆን፣ የአምላኩን ኃይል የሚያመለክተው የተሸከመችው ነገር ነው። ገበሬ ሲቆፍር ወይም ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ብቅ የሚሉትን፣ የጥንት ሰዎች አለስልሰው የሠሯቸውን የድንጋይ መጥረቢያዎች አማኞቹ ሻንጎ ከሰማይ የወረወራቸው የመብረቅ ድንጋዮች ናቸው ብለው ስለሚያምኑ፣ «ኤዱን አራ» እያሉ በተገለበጠ ሙቀጫ ላይ በተቀመጠ ገበቴ ያኖሯቸዋል። ጠራቢው ጀርባ ለጀርባ አጋጥሞ በሴቲቱ ራስ ላይ ያሳረፋቸው እነዚህኑ ድንጋዮች ነው።

በራስ ላይ መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በዮሩባዎች አስተሳሰብ የሰው ዕጣ ፈንታ ማደሪያው ራስ ነው፤ አምላኩም የሚወርደው በአገልጋዩ ራስ ላይ ነው። ሻንጎ የወረደበት ሰው «ኤሌጉን» ማለትም «የተጋለበ» ይባላል፤ «የዛር ፈረስ» ሲባል ለሰማ አማርኛ ተናጋሪ አነጋገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ወደ አገልግሎቱ የገባ ሁሉ፣ ወንድም ቢሆን፣ እንደ አምላኩ ሚስት ስለሚቆጠር ወንዶቹ ካህናት ጭምር እንደ ሴት ሹሩባ ይሠራሉ። የበትሩ ምስል አብዛኛውን ጊዜ ሴት የሚሆነውም በዚሁ ሳቢያ ይመስለኛል።

እምነቱ ዛሬም አለ፤ በኦዮ የሚከበረው የሻንጎ በዓል እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል፤ በባርነት የተጋዙት ዮሩባዎች ይዘውት የሄዱት አምልኮም በብራዚልና በኩባ ቀጥሏል።

በመስታወት ሣጥን ውስጥ የቆመ ኦሼ ሻንጎ ግን ግማሽ ነገር ነው። በትሩ የተጠረበው፣ «ባታ» የተባለው ከበሮ ሲመታ ጨፋሪው በእጁ ይዞ አንዴ በድንገት እንዲሰነዝረው፣ አንዴ ቀስ ብሎ ወደ ሰውነቱ እንዲመልሰው ነው። ሙዚየሙን ደግመው ከጎበኙ ከሴቲቱ ጉልበት በታች ያለውን እጀታ ልብ ብለው ይዩት፤ ብዙ የተጨፈረበት በትር እጀታው በእጅ ወዝ ጠቁሮና ለስልሶ ይገኛል።