ጎርፉ ሄደ፣ ስልኩ ግን አይጠራም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ዙር ጥያቄዎቻችሁ ሁሉም አንድ ቤት ያደጉ ይመስላሉ። ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ አልፏል። ሰው ደህና ነው። ስራው ግን ቆሟል፣ ደንበኛ ቢደውል የሚያነሳ የለምና። የጠያቂዎቹን ስም ትቼ እነሆ።

ጥያቄ፦ ቢሯችን ጎርፍ ገብቶበት የስልክ ማዞሪያው ሳጥን (የሚመጣውን ጥሪ ለየቢሮው ስልክ የሚያከፋፍለው) ውሃ ውስጥ አደረ። ባለሙያ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ተባልን። እስከዚያ ደንበኛ ሁሉ ሊሸሸን ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሳጥኑን ለጊዜው ይርሱት። ቁጥርዎ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን ቴሌኮም ድርጅቱ ጋ ነው። ሳጥኑ ቢሰጥምም ቁጥሩ አለ፤ የጠፋው ጥሪው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከጥገና ባለሙያው በፊት ለቴሌኮም ድርጅቱ ይደውሉ። «በዋና ቁጥራችን የሚመጣውን ጥሪ በሙሉ ወደዚህ ሞባይል አዙሩልን» ይበሏቸው። ውሉንና ፈራሚው መሆንዎን የሚያሳይ መታወቂያ ይዘው ይቅረቡ። ብዙ ጥያቄ ቢጠይቁዎት አይናደዱ። ሳያጣሩ የሚያዞሩ ቢሆን እኔም ደውዬ የእርስዎን ደንበኞች ወደ ራሴ ማዞር እችል ነበር።

ዋና ቁጥርዎ ሞባይል ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ጂኤስኤም በሚባለው የሞባይል ኔትወርክ ሁለት ኮከብ (*)፣ 21፣ አንድ ኮከብ፣ ከዚያ ተቀባዩን ቁጥርና መሰላል (#) አስገብተው ሲደውሉ ጥሪው በሙሉ ይዞራል። በ21 ፈንታ 62 ካስገቡ ደግሞ የሚዞረው ስልክዎ ሲዘጋ ወይም ከኔትወርክ ሲወጣ ብቻ ነው። እኔ የምመርጠው 62ን ነው። ትዕዛዙ የሚቀመጠው ኔትወርኩ ላይ ስለሆነ ቀፎው ጭቃ ውስጥ ቢቀርም ይሰራል። ግን ኮዱን ለማስገባት ራሱ ኔትወርክ ያስፈልጋል። ይህን የምታነቡ፣ ጎርፍ ያልደረሰባችሁ፣ ዛሬውኑ አስገቡት። አንዳንድ ኦፕሬተር አገልግሎቱን ይዘጋል፣ አንዳንዱም ለተዞረው ጥሪ ያስከፍላል፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥሪውን ሁሉ አንድ ምስኪን ሰራተኛ ላይ አይጫኑበት። በመጀመሪያው ቀን ድምፁ ይዘጋል፣ በሁለተኛው ስልኩን ያጠፋዋል። ሰዓት እየተከፋፈላችሁ ያዙ። የሚቀበለው ስልክ ላይም አጭር የድምፅ መልእክት ቅዱ፦ «ቢሯችን በጎርፍ ምክንያት ተዘግቷል፤ ስራ ግን አላቆምንም። ስምዎንና ትዕዛዝዎን ይተዉልን፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ መልሰን እንደውላለን።» ሰዓቱን የጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው። «በቅርቡ እንደውላለን» የሚለውን ማንም አያምንም።

ጥያቄ፦ ማዞሪያው ሶስት ቀን ፀሐይ ላይ ደርቋል። ላብራው?

መልስ፦ በፍጹም። የደረቀው ላዩ ነው። የጎርፍ ውሃ ከጭቃ፣ ከፍሳሽና ከጨው ጋር ነው የሚገባው፤ ውሃው ሲተን እነዚህ ቦርዱ ላይ ይቀራሉ። ኤሌክትሪክ ሲያገኙ አንዱን መስመር ከሌላው ያገናኛሉ፣ መዳቡንም ይበላሉ። የባህር ውሃ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ሊድን ይችል የነበረ ዕቃ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ በዚያች «እስቲ ልሞክረው» ሰዓት ነው። የፀጉር ማድረቂያም አይጠቀሙ፤ ቆሻሻውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይነፋዋል።

ክፍሉ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ መውረዱን ያረጋግጡ። ምንም ነገር ሳያነሱ ፎቶ ያንሱ፦ ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበት መስመር፣ የዕቃው መለያ ቁጥር፣ የኬብሎቹ አገባብ። ኢንሹራንሱ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይጠይቅዎታል፤ ሶስተኛው ለባለሙያው ነው። ውሃ የገባበትን የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) ባትሪ ግን አይነካኩት፣ መብራት ባይኖርም ኃይል ይዞ ሊሆን ይችላል። ሳጥኑ እንኳን ባይድን ሜሞሪ ካርዱ ወይም ሃርድ ዲስኩ ሊተርፍ ስለሚችል ባለሙያው ሳያየው አይጣል። የኤክስቴንሽኖቹ (የውስጥ ስልክ ቁጥሮቹ) ዝርዝር ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ሲደወል ግን እምቢ ይላል። ብልሽቱ ከስልኬ ነው?

መልስ፦ ከስልክዎ አይመስለኝም። እነዚያ የሲግናል መስመሮች የሚነግሩዎት ስልክዎና አንቴናው መተያየታቸውን ብቻ ነው። ከአንቴናው በኋላ ጥሪውን የሚያሻግረው የፋይበር ኬብል ተቆርጦ ወይም ሚሊዮን ሰው በአንድ ጊዜ እየደወለ ሊሆን ይችላል። ጃፓን በመጋቢት 2011 (እ.ኤ.አ.) በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ስትመታ፣ ኦፕሬተሮቹ ኔትወርኩ ጨርሶ እንዳይወድቅ የድምፅ ጥሪን እስከ 95 በመቶ ድረስ ገድበው ነበር። ዳታ ግን ወይ አልተገደበም፣ ወይ በጣም ባነሰ መጠን ነበር። የድምፅ ጥሪ ንግግሩ እስከሚያልቅ መስመር ይይዛል፤ ጽሑፍ ግን ክፍተት ባገኘ ጊዜ ሾልኮ ያልፋል፤ አጭር መልእክትም ተቀባዩ እስኪገኝ ይጠብቃል። ደጋግመው ከመደወል ይጻፉ። ኔትወርክ ጭራሽ ከሌለም ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉት፤ ሲግናል ፍለጋ ባትሪ ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ የሁለት ኦፕሬተር ሲም ይዣለሁ። ይበቃኛል?

መልስ፦ ከአንድ ይሻላል። ግን ሁለቱ አንድ ማማ ላይ ተሰቅለው፣ በአንድ ፋይበር እየሄዱ ሊሆን ይችላል። የማማ ባትሪ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ለጥቂት ሰዓታት ነው። ከዚያ በኋላ ጄኔሬተርና መንገድ ተከፍቶለት ነዳጅ የሚያደርስ መኪና ይፈልጋል። ፖርቶ ሪኮ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ማሪያ በተባለው አውሎ ነፋስ ስትመታ ከሞባይል ጣቢያዎቿ 95 በመቶ የሚሆኑት ከአገልግሎት ውጭ ሆነው ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የሲም ብዛት አያድንም።

ጥያቄ፦ እንግዲያው የሳተላይት ስልክ እንግዛ?

መልስ፦ ለአብዛኞቻችሁ መልሴ «አይ፣ አትግዙ» ነው። የሳተላይት ስልክ የተከፈተ ሰማይ ይፈልጋል፤ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብለው አያናግሩበትም። በአንዳንድ አገር ፈቃድ ይጠየቅበታል። ደንበኛዎም በዚያ ቁጥር አይደውልልዎትም። የሚጠቅመው እርስዎ ወደ ውጭ ለመደወል ነው፤ ሩቅ ቦታ መጋዘን ወይም የግንባታ ስራ ላላችሁ ግን ያዋጣል። የደሴት አገሯ ቶንጋ በጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) እሳተ ገሞራ የባህር ስር ኬብሏን ሲቆርጠው፣ ኬብሉ እስኪጠገን አምስት ሳምንት ያህል ፈጅቷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኛት በዋናነት ሳተላይት ነበር። ከገዙ በየጊዜው ደጅ አውጥተው ይሞክሩት፤ ባትሪው መሳቢያ ውስጥ የሞተ ስልክ ከጌጥ አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ ድሮ መብራት ሲጠፋም መደበኛ ስልካችን ይሰራ ነበር። ወደ ኢንተርኔት ስልክ ከቀየርን ወዲህ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይሞታል። ተታለልን?

መልስ፦ አልተታለላችሁም፤ ግን ማንም አልነገራችሁም። የድሮው ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው በዚያችው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ከቴሌኮሙ ማዕከል ነበር፤ 48 ቮልት፣ ከኋላው ትልልቅ ባትሪ። የኢንተርኔት ስልክ ግን የሚበላው ከእናንተ ሶኬት ነው። ስልኩ፣ ስዊቹ (የቢሮውን ስልኮች ከኔትወርኩ የሚያገናኘው ሳጥን)፣ ራውተሩና የፋይበር ሳጥኗ አራቱም መብራት ይፈልጋሉ፣ አንዱ ከጠፋ ሁሉም ዝም ይላል። ሰዎች ዩፒኤስ ይገዙና ኮምፒውተሩን ብቻ ይሰኩበታል። ግድግዳው ላይ ያለችው የፋይበር ሳጥን ተረስታ ትቀራለች። ራውተርና የፋይበር ሳጥን ብዙ ኃይል አይወስዱም፣ ትንሽ ዩፒኤስ ለብቻቸው ቢሰጣቸው ጥሩ ይቆያሉ። ፕሪንተር አይሰካበት። ጄኔሬተር ካላችሁ ሁልጊዜ ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ ይቀመጥ። ጭሱ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፣ ይገድላል።

ጥያቄ፦ ሰራተኞቼ ተበትነዋል። እርስ በርስ መገናኘት አልቻልንም።

መልስ፦ አደጋው ባልደረሰበት ከተማ አንድ ሰው ምረጡ፤ ሁሉም ለእሱ መልእክት ይላክ፣ እሱ ያከፋፍል። ጃፓኖች ከኮቤ ከተማው የ1995 (እ.ኤ.አ.) የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ 171 የሚባል ቁጥር ከፍተዋል። አንዱ ድምፁን ይተዋል፣ ሌላው ደውሎ ያዳምጣል። የእናንተው ሰው የሚሰራው ይህንኑ ነው። ቁጥሩን ሁሉም በወረቀት ይያዘው፤ ስልኩ ሲሞት በቃሉ የሚያስታውስ ሰው እምብዛም የለም።

ጥያቄ፦ አዲስ ማዞሪያ ተተከለልን፣ ይሰራል። ጥሪ ማዞሩን አሁን እናንሳ?

መልስ፦ ከማንሳታችሁ በፊት ከውጭ ስልክ እየደወላችሁ እያንዳንዱን መስመር ሞክሩ፤ «ሃሎ» ብላችሁ ድምፁ በሁለቱም በኩል መሰማቱን አረጋግጡ። በችኮላ የተተከለ ማዞሪያ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ በመጣበት ፓስወርድ ነው የሚቀረው። ያንን የሚጠብቁ ሌቦች አሉ፤ ሌሊት ገብተው ውድ የውጭ ቁጥሮች ላይ ይደውሉና ሂሳቡ ለእናንተ ይመጣል። ፓስወርዱን ቀይሩ፤ የማትጠቀሙበት ከሆነ የውጭ አገር ጥሪውን አዘጉ። ከዚያ ሞባይሉ ላይ ያስገባችሁትን ጥሪ ማዞር በሁለት መሰላል፣ 002 እና አንድ መሰላል ሰርዙ፤ ይህ ኮድ ግን 62ን ጨምሮ ሁሉንም ስለሚያጠፋ 62ን መልሳችሁ አስገቡ። ሰው የማያወራባቸውን መስመሮችም አትርሱ፦ የእሳት ማንቂያው፣ የካርድ መክፈያ ማሽኑና አሳንሰሩ ውስጥ ያለችው የድረሱልኝ ቁልፍ። ቁልፏን ተጭናችሁ ማን እንደሚያነሳ ስሙ።